የሁለተኛው ቀን ብስክሌት

ውድ ሚጣ፣

ይህን ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አትታገዪ። ከጥቂት መስመር በላይ ስታነቢ ራስሽን እንደሚያምሽ አክስታችን በስልክ ነግራኛለች። ሲደክምሽ አጥፈሽ ትራስሽ ሥር አድርጊውና ነገ ትቀጥያለሽ። እኔ ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንቺ ለማንበብ ሳምንት ቢፈጅብሽ ምን አለበት?

ቤቱ እንዳለ ነው። ያኔ ከክፍልሽ ሆነሽ «ጋሼ፣ እባክህ ድምፁን ቀንስልኝ» ስትይኝ እነጫነጭ ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑን የፈለግኩትን ያህል ማስጮህ እችላለሁ። ግን አልከፍተውም። ለሁለት ሰው የሚሆን ወጥ እሠራና ለብቻዬ ሦስት ቀን እበላዋለሁ።

ያን ጠዋት አልረሳሁትም። ትኩሳቱ ከለቀቀሽ ስድስት ወር ሆኖት ነበር፤ ድካሙ ግን አልለቀቀሽም። ሐኪሙ «ምርመራው ሁሉ ደህና ነው» አለ። እኔ ደግሞ የስፖርት መምህር አይደለሁ? «ሰው እንደ ብረት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ይዝጋል» ብዬ ብርድ ልብስሽን ገፈፍኩት። የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሦስት ጊዜ በሩጫ አዞርኩሽ። እየሳቅሽ «ማርክ ትሰጠኛለህ አይደል?» አልሽኝ። በማግስቱ ማበጠሪያ መያዝ አቃተሽ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሳሽም። እኔ ግን በርሽ ክፍት እያለ፣ እየሰማሽኝ፣ ለአክስታችን በስልክ «ስንፍና እንጂ በሽታ አይደለም» አልኳት።

በሳምንቱ መጥታ በታክሲ ወሰደችሽ። ደህና ሁን ሳትዪኝ ሄድሽ። ያኮረፍሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ለመናገርም አቅም አልነበረሽም።

ባለፈው ወር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የማይለቅ ድካም ላይ ጥናት የሚያደርጉ ተመራማሪዎች ከሕሙማኑ ጋር የሚነጻጸሩ ጤነኛ ሰዎች ይፈልጋሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልክ እንደነበርኩ ላረጋግጥ ነው የሄድኩት።

አፍና አፍንጫችን ላይ የትንፋሽ መለኪያ ጭንብል አድርገው፣ ሁለት ቀን በተከታታይ የማይሄድ ብስክሌት አስነዱን። አጠገቤ የነበረችው ሕመምተኛ ከመታመሟ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ፖስታ ያደለች ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ከእኔ እምብዛም አላነሰችም። ጭንብሉን ሲያወልቁልን «መምህር፣ ውሻ ነው እንዴ የሚያባርርህ? እኔስ ለምጄዋለሁ» ብላ አሳቀችኝ።

በማግስቱ ባሏ ደግፎ አመጣት። የእኔ ውጤት ከትናንቱ አልተለየም። እሷ ግን በአራተኛው ደቂቃ እግሯ ቆመ። አፌ መች ይማራል! ተመራማሪዋን ለብቻዋ ጠጋ ብዬ «ምናልባት ሳትሞክር ቀርታ ይሆን?» አልኳት።

ተመራማሪዋ አልተቆጣችም። የመለኪያውን ስክሪን እያሳየችኝ «ሰው እግሩን ሊያሰንፍ ይችላል» አለች። «ከሳንባው በሚወጣው አየር ውስጥ ያለውን የጋዝ መጠን ግን እንደፈለገ አያዝዘውም። ትናንት የቻለችውን ዛሬ ሰውነቷ እምቢ ብሏል።»

«ለምን?»

«እሱን ነው የምንፈልገው። የደም ዝውውሩ ይሁን፣ ነርቩ ይሁን፣ ሰውነት ኃይል የሚሠራበት መንገድ ይሁን ገና አልደረስንበትም። ስንፍና አለመሆኑን ግን ደርሰንበታል።»

ፖስታ አዳይዋ ዓይኗን በሻርፕ ሸፍና አልጋ ላይ ተጋድማለች። ለካ ሰምታናለች።

«መምህር፣ ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ እዚህ አይመጣም» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማን ታሞብህ ነው?»

«እህቴ።»

«ታምናታለህ?»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ፣ ሸሚዜን እንደያዝኩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ልዘጋ ነው» እስክትለኝ ተቀመጥኩ።

ሚጣዬ፣ ሐኪሙ አያውቅሽም ነበር። እኔ ግን በየቀኑ እያየሁሽ ነው ያላመንኩሽ። ይቅርታ ብልሽ የሮጥሽውን ሜዳ አይመልስልሽም። ቢሆንም ይቅርታ።

ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ሳሎን ከአክስታችን ጋር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። በርሽ ከተዘጋ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ በሌላ ቀን ደግሞ እመጣለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፊ። እስክሪብቶ መያዝ ምን እንደሚያስከፍልሽ አሁን ገብቶኛል። ለእኔ ልታወጪው የነበረውን አቅም ፀጉርሽን አበጥሪበት።

ዘግይቶ ያመነሽ ወንድምሽ