የችግራችን ማስረጃ

አሰብ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ፣ እንቅልፉስ፣ ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? እያንዳንዱን ለየብቻ መልስልኝ፤ በጅምላ «ደህና ነኝ» እንዳትለኝ። እኔም ብዕሬ እንደ ልማዱ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን» ሊል ሲንደረደር እንደምንም ይዤ አስቀረሁት። ያ ልማድ የሚሞላውን ሰባት መስመር በምን እንደምተካው ጠፍቶኝ ቁጭ አልኩ።

ደብዳቤህን የጎረቤታችን የዙሌይኻ ባል ዲኒ ማክሰኞ ዕለት ከጂቡቲ በሸራ ጀልባው፣ በሳንቡቁ፣ ይዞልኝ መጣ። ወደብ ቢሮ ከታይፕ መኪናዬ ጀርባ ተደብቄ ሳነብ ሳቄ አምልጦኝ አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ደግሞ ወዲያው እንባዬ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደስታ ብዛት እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እህል አልበላሁም።

እስቲ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። መርከብህን ጥለህ በሌላ ሰው የመርከበኛ ደብተር እዚያ አገር ስለገባህ፣ እኔንና ልጃችንን ሂሩትን እንዳትወስድ የሚከለክል ደንብ አለ። ደንቡ የሚነሳልህ ቤተሰብህ ያለ አንተ በብርቱ መቸገሩን ካስረዳህ ብቻ ነው። አንተም አስረዳለሁ ብለህ በስምንት ዓመት ውስጥ የጻፍኩልህን አሥራ አንድ ደብዳቤ አስተርጉመህ ሰጠሃቸው! ሹሙም አንብቦ «ቤተሰቡ በየደብዳቤው እጅግ ደህና መሆኑንና ከናፍቆት በስተቀር አንዳች እንዳልጎደለበት ስለሚገልጽ ችግር አልታየም» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ያነበበውን ነው ያመነው። እኛ አገር ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ደህና ነን ሳይል ደብዳቤ የሚጀምር እንደሌለ ማን ይንገረው?

ቢሆንም በሩን አልዘጋብንም፤ አዲስ ማስረጃ እንድናቀርብ ስልሳ ቀን ሰጥቶናል። ስልሳ ቀን ለኔ ብዙ ነው። አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ምን ምን እንደሠራሁ ስታይ ይህችን ሴት ነው እንዴ ጥዬ የሄድኩት ትላለህ።

መጀመሪያ የራሴን ቃል ልስጥ። ያለንበትን የካምቦ ሱዳን ሰፈር ቤት «በጣም ይስማማናል» ብዬህ ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ላሜራ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ውስጧ መቀመጥ ስለማይቻል አሁንም የምጽፍልህ ዙሌይኻ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ ቢል ለጠበቃህ እሱም ማስረጃ ነው በለው። አምና ግንቦት «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር» ብዬ የጻፍኩልህ ጊዜ አሥራ ሰባት ቀን ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ኩላሊቴ ጠጠር ይዟል። ሐኪሙ የአሰብ ውሃና ሙቀት ለአንቺ አይሆንም፣ ወደ ደጋ ውጪ አለኝ። ዝውውር ጠየቅሁ፤ መርከብ ጥሎ የጠፋ ሰው ሚስት ማመልከቻ ግን ከሌላው ሁሉ ሥር እየተቀመጠ ይኸው ዓመቱ ሆነ። አንተን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው የደበቅሁህ፤ አትቆጣኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ አንዴ ከጀመርኩት ወዲህ ችግርን መዘርዘር ጣመኝ። ስምንት ዓመት አፌን ይዤ ነው የኖርኩት።

ሐኪሙ የምስክር ወረቀቱን ሳያቅማማ ጻፈልኝ። ቀበሌ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ሊቀመንበሩን ለልጄ ጉዳይ መቸገራችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብላቸው ክው አሉ።

«በእኔ ቀበሌ የተቸገረ ሰው አለ ብዬ ከፈረምኩ፣ የበላይ አካል እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር አይለኝም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያዳነኝ ጸሐፊያቸው አበጀ ነው። ችግር የሚለውን ቃል እንተወውና ያለውን ብቻ እንጻፍ አለ። ተቀምጦም ጻፈ፤ ቤቱ አንድ ክፍል፣ ውሃው ከቦኖ የሚቀዳ፣ ሠራተኛዋ እናቲቱ ብቻ፣ እሷም በሽተኛ፣ አባት የለም፣ የቤተሰቡ ብዛት ይህን ያህል። ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች ፈልገው ችግር የሚል ቃል ስላጡ ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ማኅተሙ እንዴት ደምቆ እንደወጣ ብታይ! እቤት እስክደርስ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የሄድኩት።

ከዚያ የሂሩትን አስተማሪ ያዝኳቸው። መምህር ወልደሚካኤል ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ሊያጠፋን ነበር። ለልጅህ «ብርቱ፣ ጨዋ፣ ዘወትር ደስተኛ» ብለው ጻፉላት። ጋሼ፣ በዚህ ወረቀት እኮ ጉዳያችን ዳግመኛ መውደቁ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ልጅቷን ላማት ወይ ብለው ተቀየሙኝ። ቆይተው ግን አንድ ቀን ትዝ አላቸው። ተማሪዎቹን አባታችሁ ምን ይሠራል ብለው በየተራ ሲጠይቁ ሂሩት ተነሥታ «የእኔ አባት ደብዳቤ ነው» ብላለች። ክፍሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። መምህር ይህንኑ ብቻ ከነቀኑ ጽፈው ፈረሙበት። የሚያስተረጉምልህ ሰው ምንም እንዳይጨምርበት አደራ።

ሂሩት ደግሞ ነገሩን ሸትቷት በረዶ ይበላል ወይ፣ በረዶ ላይ በባዶ እግር ይኬዳል ወይ እያለች ታደርቀኛለች። ኢንሻአላህ በሉ እንጂ እንዲህ አትፈንጥዙ ትለናለች ዙሌይኻ፤ እሷው ራሷ ግን ለመንገዳችን የሚሆን ሻንጣ ከወዲሁ መርጣለች። እኔም አላፍርም፤ እውነት ስለመሰለኝ በቀን ሁለት ሦስቴ አንተ በር ከፍተህ ስታየን ይታየኛል።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። ጠበቃህ ከወረቀቱ ሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ያረጁ እናትህ በአውራ ጣታቸው የፈረሙበትን ቃል እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። እሱ ብቻ ከተገኘ ነገሩ አለቀ ብለሃል። ከላክሁልህ ውስጥ ግን እሱ የለም።

ልሠራው ነበር። ጎረቤታችን ዘሪቱ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ለቅልቃ መጣች። «የአሮጊት ጣት ሁሉ አንድ ነው። ፈረንጁ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? አምጪው ልጫንልሽ» አለችኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁላት፤ እውነቴን ነው፣ ዘረጋሁላት። ጣቷ ሊያርፍ ሲል ግን ሳብኩት። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ወረቀት ይዘህ ገብተህ ስምንት ዓመት ለያይቶናል፤ ሁለተኛው በእኔ እጅ አይሠራም። ደግሞ በእሳቸው ስም እንዴት ብዬ? ዘሪቱ ተቆጥታ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ቀጥሎ ሁለታችንም አለቀስን።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በየደብዳቤው መጨረሻ «እማማ ሰላም ብለውሃል» እያልኩ ጽፌልሃለሁ። ከራሴ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት አይነገርም ብለው አጎትህ አዘውኝ ነው። ዛሬ ያንን ሰላምታ አልጽፈውም።

ይህን ፖስታ በአንተ አድራሻ መላክ ትቼ እዚያው አጠገብህ ላሉት ለጋሽ አሥራት የላክሁት ለዚህ ነው። ማለዳ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ያገር ልጆች ይዘው እንዲመጡልህ ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ። አሁን ይህን ስታነብ አጠገብህ ካሉ፣ ሥራ ያስፈታኋቸው መስሎህ አትሸኛቸው። የሚሉህን ስማቸው። እህል አቅርበውልህ ከሆነም ቅመስ።

ቀኑ እየሄደ ነው፤ ሰኞ ወረቀቶቹን ለጠበቃህ አድርስ። ከድሮው ማመልከቻህ ጋር ሲያስተያያቸው አንድ ቦታ አይገጥምም ይልሃል። አንተ እዚህ ያለውን ቤተሰብህን ሦስት ብለህ ሞልተሃል፤ የቀበሌው ወረቀት ሁለት ይላል። አበጀ አልተሳሳተም፤ አንተ የሞላኸውን እንደ ቀበሌው አስተካክለው።

እግዚአብሔር ያጽናህ።

ባለቤትህና የልጅህ እናት