ከቤታችን ሥር ያለው መንገድ

ውድ ወንድሜ ቀጮ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጠይቅህ አትመልስልኝም፤ ስልክህም ከተዘጋ ቆየ። ብቻ ይሄን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው። ቤታችን ሊፈርስ ነው።

ፓርኩን ሊያድሱት ተነስተዋል፤ ያንን እኛ ያደግንበትን፣ አባባ አትክልተኛ ሆኖ ያረጀበትን የጥንቶቹን ጌቶች መናፈሻ። መጀመሪያ ግን ድሮ ምን የት እንደነበረ እናጥና ብለው የአርኪዮሎጂ ሰዎች መጡ። እኔንም ቀጠሩኝ፤ ሜትር መጎተት፣ ካስማ መትከል፣ ሲባጎ መወጠር። ሣር ማጨጃ የመሰለ መሣሪያ አላቸው፤ እየገፉት ሲሄዱ ሳይቆፍሩ ከመሬት በታች ያለውን ድንጋይ ያሳያቸዋል። ብታያቸው ትስቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሣሩ እምቢ ያላቸው ነው የሚመስሉት።

አንድ ነገር ቸግሯቸው ነበር። ጌቶቹ በሠረገላ ይገቡበት የነበረው ዋናው መንገድ ጠፋባቸው። በኩሬው በኩል ፈለጉ፣ የለም። በትልልቆቹ ዛፎች መሀል ፈለጉ፣ የለም። ጊዜው እያለቀ ሲመጣ አለቃቸው የሆነችው ቀያሽ መንገዱን እንተወውና የቀረውን እናስረክብ ብላ ነበር። ምነው በተዉት።

እማዬን ታውቃታለህ፤ ሰው ካገኘች አትለቅም። በምሳ ሰዓት ደጃችን ጥላ ሥር ያርፉ ነበርና ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ ሻይ ታፈላላቸዋለች፣ ወሬዋንም ትለቅባቸዋለች። አንድ ቀን ስለ አባባ ጀመረች። አባባ ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲያጠጣው ኖሮ፣ በበጋ ግን ከሌላው ሣር ቀድሞ ቢጫ የሚሆን ሰፊ መስመር ደጃችን ፊት እንዳለ ታስታውሳለህ። እሱን ነገረቻቸው። "ከዚህ ይጀምርና በቤቴ ሥር አልፎ በጓሮ ይወጣል። ባለቤቴን በእልህ የጨረሰው እሱ ነው" ብላ ሳቀች። ቀያሿ አልሳቀችም። የያዘችውን ሻይ መሬት አስቀመጠች።

ሣሩ ቀድሞ የሚደርቀው ከሥሩ ድንጋይ ስላለ ነው አሉ። መሣሪያውን አምጥተው ገፉት፤ መንገዱ በደጃችን ገብቶ በጓሮ ወጣ። ካስማውን ከደፋችን አጠገብ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ።

እዚያው በሩ ሥር ሲቆፍሩ ብይህ ወጣች። ያቺ ሰማያዊዋ፣ የጎረቤት ልጅ ሰረቀኝ ብለህ ያለቀስክላት። ቀያሿ በብሩሽ ጠርጋ አየቻትና ይሄ የቅርብ ጊዜ ነው፣ አይመዘገብም ብላ ወደ አፈሩ ልትጥላት ስትል እማዬ እጇን ዘረጋች። የቅርብ ጊዜ። ለእማዬማ ትናንት ነው።

ከዚያ የፓርኩ ኃላፊ መጣና በትሕትና አስረዳት። መንገዱ እንደ ጥንቱ ይመለሳል፣ ቤቱ ግን በኋላ የተሠራ ስለሆነ ታሪካዊ አይደለም፣ ሌላ ቤት ይሰጣችኋል አላት። እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችውና "ቤቱ ካልሆነ እኔ ታሪካዊ ነኝ፤ እኔን አድሱኝ" አለችው። ሁሉም ሳቀ። እሱም ስቆ ሲጨርስ የሚፈርስበትን ቀን ነገራት።

ቀያሿ በኋላ ለብቻዬ ጠርታኝ "ይቅርታ እትዬ፣ እኔ መንገድ ነበር የፈለግኩት" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ምን ልበላት? እኔም ካስማ ነው የመታሁት አልኳት።

እማዬ በገዛ አፏ እንዳመጣችው እስካሁን አልገባትም፤ እኔም አልነግራትም። የሚያስጨንቃት ቤቱ እንኳ አይደለም፤ አንተ ነህ። ትናንት ዕቃ ስንጠቀልል ድንገት ቁጭ ብላ ቀረች።

"ልጄ ከዚህ ደጅ ሌላ አያውቅም። መጥቶ ሜዳ ቢያገኝ፣ ሞተዋል ብሎ አይመለስም?"

አይመጣም እኮ እማዬ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ አንተን መጠበቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ተቆጥቼህ አይደለም። ብቻ አለቀብኝ።

ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዛ መጣች። የአዲሱን ቤት አድራሻ በራችን ላይ ጻፊልኝ አለችኝ፤ ከሩቅ እንዲነበብ፣ በትልቁ። የአውቶቡሱን መጨረሻ ማቆሚያ፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ ፎቁን ጻፍኩ። "ሊፍት የለውም በይው፤ ቀስ ብሎ ይውጣ" አለች። እሱንም ጻፍኩ። ቤት ሲያፈርሱ መጀመሪያ የሚነቅሉት በርና መስኮቱን እንደሆነ አልነገርኳትም። ቀለሙ እስኪደርቅ አብረን ቆመን አየነው። ጽሑፌ አምሮ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ያለህበት ይመችህ፣ ወንድሜ።

ታላቅ እህትህ