ያን ቀን የቀራሁልሽ ሱራ

ውድ እታለም፣

የአላህ ሰላም በአንቺም በቤትሽም ላይ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በስልክ የሳቅሽብኝ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «የሸመደድኩት ቁርኣን ጠፍቶብኝ ነበር» ብዬ ስነግርሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ ግን «እኔ እኮ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነው! ደግሞስ ጉንፋን ስምንት ዓመት ሲቆይ የት ታይቷል?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። በደወልሽ ቁጥር ልትሰናበቺኝ ስትይ «ትንሽ ቁርኣን ቅራልኝ» ትያለሽ፣ እኔም ወዲያው ሳል እጀምራለሁ። አሁን እፎይ ብያለሁ፣ እታለም።

ታዲያ በስልክ የነገርኩሽ ግማሹን ነው። ቀሪውን ድምፅሽን እየሰማሁ ለመናገር አቅም አነሰኝና ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ «እንዴት ይጠፋል?» ላልሽኝ ልመልስ። ወደ ሰው አገር የሄድሽ ቀን ሻንጣሽ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሱራ ዩሱፍን፣ የነቢዩ ዩሱፍን ምዕራፍ፣ ቅራልኝ አልሽኝ፤ አንድም ቦታ ሳልሳሳት ጨረስኩልሽ። ጎረቤቶች አለቀሱ። እኔም ልቤ አብጦ የራሴን ሙስሃፍ፣ ያን የቁርኣን መጽሐፌን፣ ሻንጣሽ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ «ውሰጂው፣ እኔ ደረቴ ውስጥ ይዤዋለሁ» ብዬ። ጉራ ብቻ! በሳምንቱ ሌላ እትም ገዝቼ ስከፍተው ጉድ ፈላ። ለካ እኔ የሸመደድኩት ገጹን ኖሯል፤ ይኼ አንቀጽ በቀኝ ገጽ አናት ላይ፣ ያኛው ሻይ ከተንጠባጠበበት ዝቅ ብሎ እያልኩ። በአዲሱ ሙስሃፍ መስመሩ ሁሉ ቦታውን ለቆ የሰው ኩሽና ሆነብኝ፤ ጨው ስፈልግ ሳሙና እይዛለሁ። የሚመሳሰሉ አንቀጾች ላይ ስደርስማ ከአንዱ ታሪክ ተነስቼ ሌላው ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። ሰው እንዳይሰማብኝ መቅራቱን ተውኩ፤ ስተወው ደግሞ የቀረውም እየተንጠባጠበ ሄደ። እናታችን እንኳ አላወቀችም።

ፀጉር ቤቴ ጺማቸውን ሊያስተካክሉ የሚመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሸኽ አሉ። ወንበሩ ላይ ሆነው ቀስ ብለው ይቀራሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ሳይታወቀኝ አብሬያቸው ማነብነብ ጀመርኩ።

«አንተ ሰው» አሉኝ፣ «ከኑሕ መርከብ ተነስተህ ሉጥ አገር ምን ወረወረህ?»

መቀሱን እንደያዝኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ወረቀቱን ነዋ የሸመደድከው! እኔ ወረቀት አይቼ አላውቅም፤ እስቲ በእኔ መንገድ ሞክረው።»

መንገዳቸው እንዲህ ነው። በየጠዋቱ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ አንድ አንቀጽ ከመድገሜ በፊት ይጠይቁኛል፦ ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ? ትርጉሙንና ማብራሪያውን፣ ተፍሲሩን፣ አንብቤ በራሳችን ቋንቋ፣ የጎረቤት ወሬ እንደማወራ አድርጌ ካልነገርኳቸው ዓረብኛውን አፌ ላይ አያስነኩኝም። ከነገርኳቸው በኋላ ነው ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ የምደግመው። «ወሬውን ያወቀ ሰው ቃሉ አይጠፋበትም» ይላሉ። እውነትም የያዝኩት እየሰነበተ መጣ።

ከዚያ የሱራ ዩሱፍ ተራ ደረሰ። «በል አውራኝ» አሉ። ወንድሞቹ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ አንደኛው ግን አትግደሉት፣ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ነገርኳቸው።

«ይኼኛውስ ደህና ሰው ነው» አልኩ ከራሴ ጨምሬ።

«ልጁ ታዲያ የት አደረ?»

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«እንግዲያስ ደህና ሰውነቱ ለማን ሆነ?»

ትዝ ይልሻል፣ እታለም? አባታችን ካረፈ በኋላ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቻችን «ቤቱ ጠቦናል፣ እሷ ሰው አገር ሄዳ ትሥራ» ብለው ሲወስኑ፣ የመምህራን ኮሌጅ እንደተቀበለሽ የሚገልጸው ወረቀት እጅሽ ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞረሽ «አንተስ ምን ትላለህ?» አልሽኝ። እኔ ምንጣፉን እያየሁ «እነሱ ካሉ እንግዲህ… ብቻ ቀስ ብላ ትዘጋጅ» አልኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነው። ያችን «ቀስ ብላ»ን ደግነት አድርጌ ቆጥሬያት ስንት ዓመት ኖርኩ! አንቺ ያን ሁሉ ጊዜ በሰው ቤት ስትለፊ፣ ለእናታችን መድኃኒት ስትልኪ፣ እኔ ከሦስቱ ደጉ እኔ ነኝ እያልኩ ተኛሁ። ሱራውን ለምን እንደመረጥሽውም አልገባኝም ነበር። የራሴን ጥፋት በዚያ ባማረ ድምፅ ፊትሽ ቆሜ ቀራሁልሽ፤ ሙስሃፌንም መርቄ ሸኘሁሽ።

ጺማቸውን እያስተካከልኩ ለሸኹ ይህን ስነግራቸው እንባዬ መጣ። «አልቅስ» አሉኝ፣ «ግን መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጥ።»

በድዬሻለሁ፣ እህቴ። ታላላቆቼ ጀርባ አልደበቅም፤ ጠይቀሽኝ ነበር፣ «ትማር» ማለት ስችል አላልኩም። ይቅር በይኝ። ይህን ጽፌ እዚህ በመድረሴ ብቻ ሸክሜ ግማሹ ወርዶልኛል።

ዓርብ ከሰዓት እደውልልሻለሁ። ሱራ ዩሱፍን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ወንድሞቹ ፊቱ ቆመው «ጥፋተኞች ነበርን» እስከሚሉበት ድረስ እቀራልሻለሁ። እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። ቀጥሎ ያለውን፣ እሱ የመለሰላቸውን የይቅርታ ቃል፣ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን እኔ የምለው አይደለም። ልብሽ ከፈቀደ አንቺ ቅሪልኝ። ካልፈቀደም ስልኩን ሳልዘጋ እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ