ከበሩ ወዲያ ማን ነበር?

ጁጆ፣ ቶኪዮ
ሰኔ 19 ቀን፣ ዝናቡ ገና አላባራም

ለውዱ ባለቤቴ ለኖቡታካ፣

እንደምን ከርመሃል? «ውዱ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው። «ባለቤቴ» ያልኩህም በሕግ ስላልተፋታን ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው። የሃኮዳቴ ብርድ ጉልበትህን እያሠቃየህ እንደሆነ ሰማሁና ደስ አለኝ። አብረኸው የሄድከው ሙራሴም ጥሎህ ወደ ኦሳካ መመለሱን ሰማሁ። ያን ቀንማ ሱቁን ሳልዘጋ ለራሴ ቢራ ከፈትኩ።

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ ኖረህ፣ ትናንት የምትጽፈውን ድራማ ፕሮዲዩሰር ላክህብኝ። ናጉሞ የምትባለው ልጅ ጃንጥላዋን እያራገፈች ሱቄ በር ላይ ስትቆም ገዢ መስላኝ «ከዘይት አሁን የወጣ ትኩስ የድንች ኮሮኬ አለ፤ ስንት ላድርግልሽ?» አልኳት። እሷ ግን ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሥታ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ሰው ጣፋጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ ወይ አጥፍቷል፣ ወይ ሊለምን ነው። ልጅቷ ለሁለቱም ነበር የመጣችው።

«አቶ ኖቡታካ በጣም ትወደዋለች ያሉኝን ነው የገዛሁት» አለች።

ከፈትኩት። የቀይ አደንጓሬ ኬክ።

ኖቡታካ፣ እኔ የአደንጓሬ ኬክ አልወድም። ወድጄም አላውቅም። እናትህ ከናራ በላከች ቁጥር እንዳይከፋት ብዬ በሻይ እያወራረድኩ እውጠው ነበር፤ አንተም ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ድራማህ ውስጥ ያለው ኢቱኪ ያንን ኬክ ባየ ቁጥር እንደ ሕፃን የሚፈነጥዘው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። የኔን ንግግር አንድም ሳታስቀር ለቃቅመህ ወሰድክ፤ የምወደውንና የማልወደውን ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

አዎ፣ ድራማህን አይቼዋለሁ። «ጨው ያነሰው ሾርባ»። ካናሜ የሚባል ዝምተኛ የቢሮ ሠራተኛና ኢቱኪ የሚባል ምግብ አብሳይ ተዋደው አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ። ማክሰኞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሚተላለፍ፣ እኔ ረቡዕ ጠዋት ዘይቱ እስኪግል ድንች እየላጥኩ በስልኬ አየዋለሁ። እንድጀምረው ያደረገችኝ ሚዙሆ ናት። አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የቀጠርኳት ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ግን ከእጇም ይፈጥናል።

አንድ ጠዋት ሽርጧን እንኳ ሳታስር መጣችና፣ «እትዬ ታማዮ፣ ኢቱኪ ምን እንዳለው ሰሙ? ‹ማኩረፉን አኩርፍ፤ መጀመሪያ ግን ሳህንህን እጠብ!› ወይኔ ጉዴ! እንዲህ የሚል ወንድ ከየት ይገኛል?» አለችኝ።

«አይገኝም» አልኳት። «እንዲያ ያለችው ሴት ናት።»

«የቷ ሴት?»

«አንዲት ድንች ላጭ።»

«እትዬ ደግሞ ቀልድ ሲወዱ!» ብላ ሳቀች። ለልደቴ ምን እንዳመጣችልኝ ልንገርህ? ያው ንግግር የታተመበት የሻይ ኩባያ። ከገዛ አፌ የወጣውን ነገር በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀበልኩ። አመሰገንኳትም። ምን ላድርግ?

ሚዙሆ እየመረጠች ስለምታሳየኝ፣ ሁለት ወንዶች የሚዋደዱባቸውን ድራማዎች አሁን ካንተ ባላነሰ አውቃቸዋለሁ። ወድጃቸዋለሁም፤ ይህን አልክድም። እጅ ለእጅ ሳይነካኩ አንድ ሙሉ ክፍል ያልፋል። ከዚያ አንዱ ለሌላው የሩዝ ኳስ ሲያቀብለው ጣቶቻቸው ትንሽ ይነካካሉ፤ እኔም ሳላስበው ቢላዬን አስቀምጣለሁ። አሠራራቸው ከኮሮኬ ብዙም አይለይም፣ ቅደም ተከተል አለው። አንደኛው ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ፤ ሌላው ሳቂታ፣ ቀድሞ የሚወድ፣ ቀድሞ የሚናገር። አንዱ ትኩሳት ይይዘውና ሌላው የሩዝ አጥሚት ይሠራለታል። ከዚያ አንዷን ነገር አጣርተው ሳይሰሙ ይቀያየማሉ፣ ይለያያሉ። በመጨረሻው ክፍል ዝምተኛው ላብ በላብ ሆኖ እየሮጠ ይመጣል፤ ሳቂታው በሩን ይከፍትለታል። ሁሌ ይከፍትለታል። ይህ ነው ነገሬ፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ያንተ ድራማ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላም ነገር አለው። ካናሜ ዝም የሚለው በምክንያት ነው። ሦስተኛውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ለልጅነቱ ሰጥተኸዋል፤ አባቱ እንዴት እንደሚያሸማቅቀው፣ በትምህርት ቤት እንዴት እንደተሳለቁበት፣ ሁሉ አለ። ኢቱኪስ? ኢቱኪ እናት የለው፣ አባት የለው፣ የልብ ወዳጅ የለው፣ ንዴት እንኳ የለው። ሽርጥ ብቻ ነው ያለው። ለሚሄደው ሰው ታሪክ ሰጠኸው፤ ለሚቀረው ሾርባ። ከኔ ጋር ስትኖርም እንዲሁ ነበርክ። አንተ ስታኮርፍ ምን ነክቶት ነው እያልኩ የምጨነቀው እኔ ነበርኩ። እኔ ሳኮርፍ ግን አንተ «ዛሬ ምግብ የለም እንዴ?» ነበር የምትለው።

ወንድ ወደድክ ብዬ አይደለም የተቃጠልኩት፤ ይህን ደህና አድርገህ ስማኝ። ብትነግረኝ እጮህ ነበር፤ አንድ ሁለት ሳህን እሰብር ነበር። ከዚያ ሻይ አፍልቼ «በል ተቀመጥና ከመጀመሪያው ንገረኝ» እልህ ነበር። አንተ ግን ቁልፉን በበሩ የፖስታ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ወርውረህ ሄድክ። የመድረክ መብራት ከሚሠራው ከሙራሴ ጋር መሆንህን የሰማሁት ከአትክልት ሻጩ ነው፤ ሽንኩርት እየመዘነልኝ ነው የነገረኝ። ለእኔ ያልነገርከውን ደግሞ ለአገር ሁሉ ተናገርክ፤ ያውም በኔ ንግግር። ኢቱኪ ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጎደው እንደ ሙራሴ ነው፤ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ግን የኔ ቃል ነው። ሰውየውን ለማሳመር እኔን ቆራርጠህ ለጠፍክበት።

ይህንንም ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ሰባተኛው ክፍል መጣ እንጂ።

ካናሜ በሄደ በሳምንቱ በዝናብ ይመለሳል። ደረጃውን ይወጣል። ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሁለቴ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ያንኳኳል። «አለህ?» ይላል። የሚመልስለት የለም። ጃንጥላውን በሩ ላይ አስደግፎ በዝናብ እየተደበደበ ይወርዳል። ካሜራው ውጭ ብቻ ነው የቆመው፤ ውስጡን አላሳየንም። ሚዙሆ ያን ቀን ሙሉ «እትዬ፣ ኢቱኪ ቤት አለ ወይስ የለም? ኧረ ይንገሩኝ!» እያለች ስታደርቀኝ ዋለች። እኔ ድንች ስልጥ ጣቴን ቆረጥኩ።

ናጉሞም የመጣችው ለዚሁ ነበር። ሱቁ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት።

«ስምንተኛው ክፍል እስካሁን አልተጻፈም» አለችኝ። «ሰኞ ቀረጻ ነው። ለቀረጻው በሩ ተሠርቶ ቆሟል፣ ተዋናዮቹም ተዘጋጅተዋል። አቶ ኖቡታካ ግን ሲጽፉ እዚያ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እስከ እሑድ ካልሰጡን ጣቢያው ለሌላ ጸሐፊ ያስጨርሰዋል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁንላችሁ? ኮሮኬ ልጥበስላቸው?»

አልሳቀችም። «አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። እሳቸው አፍረው ነው እኔን የላኩኝ። ከበሩ ወዲያ ሰው ይኑር አይኑር ሳላውቅ እንዴት ልጻፈው ይላሉ።» ከዚያ አቀርቅራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሳቸው ተመልሰው ያንኳኩ ዕለት እርስዎ ቤት ነበሩ?»

ሚዙሆ መጥበሻው አጠገብ ደርቃ ቀረች። እኔ ለልጅቷ ትኩስ ኮሮኬ ጠቅልዬ፣ «ለሱ ራሴ እጽፍለታለሁ፤ አንቺ ሳይበርድ ብዪ» ብዬ ሸኘኋት።

ዝም ብልህ ድራማው ከእጅህ ይወጣል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ድንች ስልጥ ሳጣጥመው ነበር። ግን ሌላ ሰው ከጻፈው በሩን ይከፍተዋል። «አልነበርኩም» ብልህ ደግሞ ትገላገላለህ፤ ሰው የሌለበትን ቤት አንኳኩቼ ተመለስኩ ብለህ እፎይ ትላለህ። እንዲቀልህ ስለማልፈልግ እውነቱን እነግርሃለሁ።

ነበርኩ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ለእራት እየጠበስኩ ነበር፤ እጄ ገና ለአንድ ሰው መሥራት ስላልለመደ የሠራሁት የሁለት ሰው ነበር። ገና ደረጃው ላይ ሳለህ አወቅሁህ። ጫማህን ስትጠርግ የዘይቱ ድምፅ እንዳይሰማህ ምድጃውን አጠፋሁ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ እስከ በሩ መጣሁ። «አለሽ?» ስትል መዳፌ በሩ ላይ ነበር። ትንፋሽህ ይሰማኝ ነበር። አፍንጫህን ሳብክ፤ ጉንፋን ይዞህ ነበር፤ እንኳን ያዘህ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወረድክ። መስኮቱ ጋ ሄጄ፣ ያለ ጃንጥላ አንገትህን ቀብረህ ስትሄድ፣ በመድኃኒት ቤቱ በኩል እስክትታጠፍ ድረስ አየሁህ። ከዚያ ምድጃውን ለኩሼ የሁለታችንንም ድርሻ በላሁ።

ለምን አልከፈትሽም ትለኝ ይሆናል። ብከፍት ይቅር እልህ ነበር። አንድ ቃል ሳትናገር፣ ገና በሩ ገርበብ ሲል ይቅር እልህ ነበር። ሮጬ ፎጣ አመጣልህ ነበር። ራሴን ስለማውቅ ነው ያልከፈትኩት።

በል እንግዲህ ጻፍ። ካሜራውን ወደ ውስጥ አስገባው። ኢቱኪ ምድጃውን ሲያጠፋ ይታይ። ንዴት ስጠው፤ ፊቱ ይጥቆር፣ ጉንጩ አይሰርጎድ። ካናሜ የፈለገውን ያህል ሮጦ ይምጣ፤ በሩ ግን እንዳይከፈት። ሰዉ ይጩህ፣ ለጣቢያው ይደውል፣ ደራሲው ልብ የለውም ይበል። ሚዙሆም ታልቅስ፤ ትችለዋለች። ብትከፍተው ግን መዋሸትህን ለሚዙሆ እነግራታለሁ፤ ለሚዙሆ የተነገረ ነገር እስከ ማታ አገር ሁሉ ያውቀዋል። የአደንጓሬ ኬኩንም ኢቱኪ አንዴ እንኳ «አልወድም» ይበል።

አሁን ዘይቱ ግሏል፤ ልሂድ። ጉልበትህን ሱፍ ነገር ጠቅልልበት፤ ሌሊት ብርድ አታስነካው። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ጆሮህንም አያድክምብህ፤ ዝናብ በሰማህ ቁጥር ያንን በር እያስታወስክ ብዙ ዘመን ኑርልኝ።

ባለቤትህ፣ በሕግ ብቻ፣
ታማዮ

ተጨማሪ፦ ኬኩን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ፤ የምትወደው አንተ ነህ። ያን ቀን በሬ ላይ የተውከውን ጃንጥላህን ግን አልልክልህም። አንድ ዘንጉ ተሰብሮ አሠርቼዋለሁ፤ እዚህም ገና እየዘነበ ነው።