ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ

ኡንታፒኒ
እሑድ፣ ኖቬምበር 15፣ ከቀትር በኋላ

ውዷ ባለቤቴ ሜልቫ፣

በሬዲዮ ስለ ነፋሱ ሰምተሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰላምታውን ላስቀድምና ወዲያው የምትፈልጊውን ልንገርሽ። ልጃችን ዜልማ ደህና ናት። እናቴም ደህና ናት። ሁለቱም ዛሬ በኦስዋል ታንኳ ከዚህ ይወጣሉ፤ ይህን ደብዳቤ ይዘውልኝ የሚሄዱትም እነሱ ናቸው።

ያልደወልንልሽ የስልክ ማማው ስለወደቀ ነው። የመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ከሁለት ሳምንት በፊት እንደጣለው ነው፤ የሚያነሳው ሰው አልመጣም፣ ልጆች ላዩ ላይ ሚዛን እየጠበቁ ይራመዱበታል።

ያን ጊዜ የሆነውን ማንም አልነገረሽ ይሆናል። ነፋሱ ሳይደርስ ሁላችንንም ወደ ከተማ ወሰዱንና ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኛን። ሰው በሰው ላይ ነበር። ለእኔ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። እናቴ እኔን ለማገላበጥ ስትነሳ ቦታዋን ሌላ ሰው ይይዝባታል፤ ስለዚህ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። ልብሴን የምታጥብበት ውኃ አልነበረም። ሰዉ ደግ ነው፣ ምንም አላለንም፤ ግን ልጆቹን ከእኔ ራቅ አድርጎ ሲያስተኛ አየሁ። የጀርባዬ ቁስል የከፋው እዚያ ነው። ከባሕሩ ጥልቅ ቶሎ ወጥቼ እግሮቼ ከሞቱብኝ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም። አሁን መቀመጥ አልችልም። በጎኔ ተኝቼ፣ ወረቀቱን ሳንቃ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሕፈቱ ከተንጋደደ ለዚህ ነው።

ስንመለስ ቤታችን ምሰሶዎቹ ላይ ቆሟል፣ ጣሪያ ግን የለውም። እናቴ ከባሕሩ ዳር ቆርቆሮ ስትለቅም ሰነበተች፤ ኦስዋል መጥቶ መታልን። ከመካከሉ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ የማን ቤት እንደነበረ አናውቅም። የኮኮናት ዛፎቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ጉድጓዱ ጨው ገብቶበታል። አንቺ የተከልሽው ሎሚ ግን ቆሟል፣ ቅጠል የለውም እንጂ።

ሐሙስ ዕለት ሬዲዮው ሌላ እየመጣ ነው አለ። ጎረቤታችን ሚስ ግላዲስ፣ "የድሮውን ዜና ነው የሚደግሙት፣ ባትሪያችሁን አትጨርሱ" አለች። ዓርብ ግን ያው ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ ልክ ለደንቆሮ እንደሚነገር አድርጎ ተናገረ፦ ይኼኛው ካለፈው ይበረታል፣ ወደ እናንተ ነው፣ ውጡ።

ጣሪያ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰብን። እኔንም ተሸክመው ወሰዱኝ። ግማሹ ሰው አልሄድም አለ። ሽማግሌውን ዳማ ሮሳሊዮን ታውቂያቸዋለሽ፤ ብድግ አሉና፣ "እዚያ ወለል ላይ ከምሞት ቤቴ ብሞት ይሻለኛል" አሉ።

"ዳማ፣ ቤትዎ እኮ የለም፤ ወስዶታል" አላቸው ፓስተሩ።

"ቦታው አለ" አሉ።

ማንም አልሳቀም። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። የሰው ልብ ከመጀመሪያው ነፋስ ጋር የሄደ ይመስለኛል፤ ለመፍራት እንኳ አቅም ያጣ ሰው ብዙ ነው።

ትናንት ትልቁ ጀልባ መጣ። ባሕሩ ስለተነሳ ወደ ዳር መጠጋት አቃተው፤ ሰዉ እስከ ደረቱ እየገባ በገመድ ተጎተተ። ዳማ ሮሳሊዮንም የልጅ ልጆቻቸው እየተሳደቡ ተሸክመው አስገቧቸው። እኔን በበር ሳንቃ ላይ አድርገው አራት ሰዎች ይዘውኝ ገቡ። ማዕበሉ አንዱን ጣለው፣ ሳንቃው ተገለበጠ። ሜልቫ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሎብስተር ፍለጋ ባሕር ሥር የኖርኩ ሰው፣ ወገብ በማይሞላ ውኃ ልሰጥም ነበር። ኦስዋል ነው በጸጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ። እናቴ ከአሸዋው ላይ ሆና የዜልማን ዓይን በእጇ ሸፍናባት ቆማ ነበር። የጀልባው ሰዎች ነገ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። እናቴና ዜልማም ከእኔ ጋር ቀሩ።

ጀልባው ዛሬ አልመጣም። ከዚህ ከተኛሁበት በበሩ ባሕሩን አየዋለሁ፤ አይመጣም።

አሁን ያለችው የኦስዋል ታንኳ ብቻ ናት። በወንዙ ወደ ውስጥ፣ ጥዶቹ ወዳሉበት፣ የሚስቱ ወላጆች መንደር ሊሄድ ነው። ጠዋት መጣና አልጋዬ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እኔ ስጠልቅ ታንኳ ላይ ሆኖ ይጠብቀኝ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ የልጅ አባት ሆኗል። ሚስቱ ከወለደች ወር እንኳ አልሞላትም።

"መቀመጥ አትችልም አይደል፣ ኤድ?" አለኝ።

"አልችልም።"

"ተኝተህ የሦስት ሰው ቦታ ትይዛለህ።"

"ድሮም ሰፊ ሰው ነኝ" አልኩት።

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ቤንዚኑም መሄጃ ነው ያለኝ" አለ። "መመለሻውን እዚያ ፈልጌ..."

"እዚያ ቤንዚን ያለው ማን ነው?"

ከእግሩ ጣት ላይ የደረቀ ጭቃ ሲልጥ ቆየ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። ታንኳዋ የምትይዘው አራስ ሚስቱን ከነሕፃኗ፣ ሚስ ግላዲስን፣ ፓስተሩን፣ የእኔን እናትና ልጅ ነው። ማንን አውርደው እኔን እንደሚጭኑ ተኝቼ አሰብኩ። እያንዳንዳቸውን በየተራ አወረድኳቸው፣ መልሼ ሁሉንም ጫንኳቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ፣ ትንሽ ትስቂ እንደሆነ። ወደ ታንኳዋ ወረደች። ሚስ ግላዲስ እርጉዟን አሳማዋን እግሯን አስራ መሃል ላይ አስተኝታታለች።

"ለአሳማ ቦታ አለ፣ ለልጄ የለም?" አለቻት እናቴ።

"ሚስ ኦርፋ፣ እሷ ናት የቀረችኝ። ምን በልቼ ልኑር?"

"እኔስ ማን ቀረኝ?"

ከዚያ ያቺን የምታህል አሳማ ብቻዋን ጎትታ አወረደቻት። ሚስ ግላዲስ አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እናቴም አጠገቧ ተቀመጠች። ኦስዋል የተለቀቀውን ቦታ በመቅዘፊያው ለካው። የእኔ ትከሻ ብቻ ነው የሚገባበት።

ስትመለስ፣ "አንተን ትቼ የትም አልሄድም" አለችኝ። "ዜልማ ከኦስዋል ሚስት ጋር ትሂድ።"

"እሷ አራስ ናት፣ እማ። ወንዙ ቢሞላ ስንት ልጅ ትይዛለች?"

"ፓስተሩ ይይዛታል።"

"ፓስተሩ ራሱን መያዝ አይችልም፤ ትናንት አላየሽውም?"

ወደ ባሕሩ ዞር ብላ፣ "ሊዋ እግርህን ወስዳም አልጠገበችም" አለች። እሷ አሁንም የቀጣችኝ ሊዋ፣ የባሕሯ ሴት፣ ናት ብላ ነው የምታምነው።

እኔም፣ "ኦስዋል እናንተን አድርሶ ተመልሶ ይወስደኛል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል" አልኳት።

ኦስዋልን ጠራችው። "እውነት ነው?"

"አዎ፣ ሚስ ኦርፋ" አላት። ሲመልስላት የሞተሩን ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

እሱን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ውኃ ልታሞቅ ወጣች።

ስለዚህ ስለ እኔ አትጨነቂ፣ ኦስዋል ይመለሳል። ብቻ መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ ወሬ ቢዘገይብሽ ዜልማን በተመለከተ ማወቅ ያለብሽን ልጻፍልሽ። ስትሄጂ ትንሽ ነበረች፤ አሁን ሌላ ልጅ ናት። ዓሣ መብላት ትታለች፣ አታስገድጃት። በሙዝ የሚሠራውን ዋቡል ብትሰጫት ሁለት ጊዜ ትጠጣለች። ጥርሷ ሲነቀል አትናገርም፣ ደብቃ ታስቀምጠዋለች። ነፋስ በቆርቆሮ ላይ ሲያልፍ ጆሮዋን ትይዛለች፤ አንቺ ያለሽበት ቤት ጣሪያው ሲሚንቶ ነው ብለሽኝ ነበር፣ በእሱ ደስ ብሎኛል። ስትናደድ እንደ አንቺ ናት፣ ዝም ነው የምትለው፤ ሳትበላ እንዳትተኛ ብቻ ተጠንቀቂ። ትምህርት ትወዳለች። እዚህ ወደ ባሕሩ ዳር መልሰሽ አታምጫት። ለጉብኝትም ቢሆን አታምጫት። እናቴ ካለችበት መጥተሽ ውሰጃት፣ እናቴንም እሺ ካለችሽ ውሰጃት። እሺ አትልሽም፣ ግን ጠይቂያት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማማው ሳይወድቅ በፊት መጨረሻ የደወልሽ ዕለት፣ ከኋላሽ አንድ ሰው ስምሽን ሲጠራ ሰምቻለሁ። ሬዲዮ ነው አልሽኝ። ሜልቫ፣ ሬዲዮ ሰውን በስሙ ጠርቶ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብሽ አይልም። የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አልነግርሽም። አሁን የማስታውሰው ድምፁን ነው። የረጋ ድምፅ ነው። የሚጮህ ሰው አይመስልም። ዜልማ የሚጮህ ሰው ትፈራለች። ይህን ብቻ ነው ልልሽ የፈለግኩት።

የምታስታምሚያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው? እኔን ስታገላብጪኝ ወገብሽን ያምሽ እንደነበረው እሳቸውም ጋ እንዳያምሽ፤ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ አንሺያቸው።

ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ወፎቹ ከጠዋት ጀምሮ ከባሕሩ ወደ ውስጥ እያለፉ ነበር፣ አሁን አንድም የለም። ኦስዋል ሁለት ጊዜ በሩ ላይ መጥቶ አይቶኝ ተመልሷል። ዜልማ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። "አባ፣ አንተ ስትመጣ ዝናብ አይመታህም?" አለችኝ። ሸራውን እለብሳለሁ አልኳት። ሸራው አጭር ነው፣ እግርህን አይሸፍንም አለችኝ። እግሬ ብርድ አይሰማውም አልኳት፤ እውነት መሆኑን ስለምታውቅ እሺ አለች። ግንባሬን ሳመችኝና ሮጣ ወረደች፣ ፊት ለፊት ልትቀመጥ። ልጅ አይደለች፣ በታንኳ መሄድ ደስ ይላታል።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር፤ እናቴ ውኃውን ይዛ መጥታ ነው። ከፀጉሬ እስከ እግሬ ጣት አጠበችኝ። ጥፍሬን ቆረጠችልኝ። ጢሜን ላጨችኝ። ሁሉም እየጠበቃት እንደሆነ እያወቀች አልቸኮለችም፣ ከታች ያሉትም አልጠሯትም። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ነጭ ሸሚዝ አምጥታ አለበሰችኝ፣ ቁልፉንም እስከ አንገቴ ቆለፈችው።

"እማ፣ ይኼ እኮ በታንኳ ይቆሽሻል" አልኳት።

"ይቆሽሽ" አለችኝ።

በጀርባዬ አስተኛችኝ፣ ቁስሉ እንደሚያመኝ እያወቀች። ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አገጣጥማ አስቀመጠችና ቆማ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ደብዳቤዬን እንድጨርስ መልሳ በጎኔ አዞረችኝና ብዕሩን ከወለሉ አንስታ ሰጠችኝ።

አሁን በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን እየጠበቀች ነው፣ ስለዚህ ይብቃኝ። እግዚአብሔር በምትገቢበት ቤት ሁሉ ሰላም ይስጥሽ። እንጀራሽን በደግ ሰዎች መካከል ያድርግልሽ። ልጃችንን አሳድጎ ያሳይሽ፤ ስታገባ በጎኗ ቆመሽ እይልኝ። ለሚጠራሽም ሰው ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ባልሽ
ኤድሞር