የ214 ቁጥርን ሳምንት በነጥብ ላስለወጡን ክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ግሌን ራትሊፍ
የሄሮን ሳንድስ የሳምንት ባለቤቶች ምክር ቤት ሰብሳቢ
ፍሎሪዳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ከዓይንዎ ሲገባ እርስዎም ባለቤትዎ ወይዘሮ ቢቨርሊም በሙሉ ጤንነት፣ የደም ግፊትዎም ሐኪምዎ በፈቀደው ልክ፣ በረንዳዎም እንደ ወትሮው ከባሕሩ ፊት ለፊት ይገኝ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ግሌን» እያልኩ ስጠራዎት ኖሬ ዛሬ በ«ክቡር» መጀመሬ እንዳያስደነግጥዎ፤ ሰው ከጎረቤትነት ወደ ባለሥልጣንነት ሲያድግ አጠራሩም አብሮት ማደግ አለበት ብዬ ነው። ደብዳቤውን በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም ለክብርዎ በማሰብ ነው፤ በፖስታ ብልከው ኖሮ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሰሌዳውን ለሚያነቡ አዲስ እንግዶች ነገሩን ትንሽ ላብራራ። እኔና ወንድሜ ዌንደል በዚህ ሕንፃ የ214 ቁጥር ክፍልን የጁላይ የመጀመሪያ ሳምንት ገዝተን፣ በስማችን አስመዝግበን፣ በየዓመቱ ከኦሃዮ መኪና እየነዳን እንመጣ ነበር። ታይምሼር የሚሉት ይህንኑ ነው፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ሳምንት፣ እስከ ዕለተ ሞት። እርስዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት የ215 ባለቤት ነዎት፤ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ድምፃችንን ሰጥተን ሰብሳቢ ያደረግንዎትም ኩባንያው አንዳች ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከፊታችን ቆመው «ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ እኔ ላንብበው» እንዲሉልን ነበር። በእርግጥም አንብበውታል። ያላነበብነው እኛ ነን።

ዌንደል የማስታወስ ሕመም ከያዘው ሦስት ዓመት ሆነው። ወደ ቤቴ ካመጣሁት ሁለት ዓመት ቢያልፍም ሽንት ቤቱን እስከ ዛሬ እጁን ይዤ ነው የማሳየው። ወደ 214 ሲገባ ግን መብራቱን ሳያይ በግራ እጁ ያበራል፣ ኩባያውን ከላይኛው ቁምሳጥን ያወጣል፣ ቡናውን ራሱ ቀድቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ዘግይቼ ስወጣም «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ተኛሽ?» ብሎ ይቀልድብኛል። በዓመት ሃምሳ አንድ ሳምንት እኔ እመራዋለሁ፤ በአንዷ ሳምንት እሱ ያስተናግደኝ ነበር። ይህን ከዚህ ሕንፃ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ያወቁት እርስዎ ነበሩ፤ አይተውም ዓይንዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ስለተጋበዝነው ቁርስ አመሰግናለሁ። «ዘጠና ደቂቃ ብቻ» የተባለው ገለጻ አራት ሰዓት ከሩብ የፈጀ ሲሆን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስት ቁራጭ ሐብሐብ ቀርቦልናል። ታሚ የምትባል ጥርሰ መልካም ሻጭ አጠገቤ ተቀምጣ «እማማ፣ ይቺ ሳምንትዎ እኮ እስር ቤት ናት! አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ባሕር! የዕረፍት ክለቡ ውስጥ ቢገቡ ግን በሳምንትዎ ምትክ ነጥብ ይሰጥዎታል፤ በነጥቡ የፈለጉበት ቦታ ክፍል ይይዙበታል፤ ሃዋይ ቢሉ ሃዋይ፣ ተራራ ቢሉ ተራራ!» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ባሕር ነው» ብላት «እሱማ የት ይሄድብዎታል! ነጥቡ እዚህም ይሠራል» አለች። አልዋሸችም። ይሠራል፤ አውሎ ነፋስ በሚያሰጋበት በሴፕቴምበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። በታሚ አፍ አልፈረምኩም። እረፍት ጠይቄ ወጥቼ እርስዎን መዋኛው ዳር አገኘሁዎትና «ግሌን፣ ምን ላድርግ? ለራሴ አይደለም፣ ለዌንደል ስል ነው የምጠይቅህ» አልኩ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ እጄን ይዘው፣ «ዶት፣ እኔ ራሴ ፈርሜያለሁ እኮ! ክፍላችሁ እግር የለው፣ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ነጥብ ማለት ያው ሳምንታችሁ ነው፣ ነፃነት ተመርቆበት» አሉኝ። ተመልሼ ፈረምኩ። ታሚን አልቀየምኳትም፤ ሥራዋ ነው፣ እንጀራዋ ነው። የእርስዎ ሥራ ምን እንደሆነ ግን በዚያን ዕለት አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው፦ የክለቡ መጽሔት በገጽ አራት ላይ ፎቶግራፍዎን «የክብር አማካሪያችን» ብሎ አውጥቶታል። ሸሚዙ ያምርብዎታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ነፃነቱ። ለጁላይ የመጀመሪያ ሳምንት የክለቡ ከፍተኛ አባላት ከዓመት በፊት ይመርጣሉ፤ እንደ እኛ ያለነው ከአሥር ወር በፊት። ተራችን ሲደርስ ስልክ ይዤ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ የትም መሄድ እንደምንችል በትሕትና ተነገረኝ፤ የትም፣ 214 ሲቀር። በልመና ብዛት ከኋላ ባለው ሕንፃ፣ መኪና ማቆሚያውን የሚያይ ክፍል ተሰጠን።

እዚያ በገባን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዌንደል ጠፋብኝ። ያገኘሁት የት እንደሆነ ያውቃሉ፤ እርስዎም ነበሩ። የ214ን እጀታ እየወዘወዘ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት በሩን ከፍታ በደግነት «አባባ፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ» ስትለው «እኔ? በገዛ ቤቴ?» ይላታል። ድምፁን ሰምተው እርስዎ ከ215 ሽርጥ እንደታጠቁ፣ የዓሣ መገልበጫ ይዘው ወጡ። ከመጣን ጀምሮ እኔን «ነርሷ» እያለ የጠራኝ ወንድሜ ፊቱ በራና «ግሌን! ዓሣው ደረሰ እንዴ?» አለ። እርስዎ ግን እኔን አዩና «ውይ ዶት፣ መጥታችኋል? የት አስገቧችሁ?» አሉኝ። ሳምንትዎን በነጥብ ለውጠው እንዴት አሁንም በ215 እንዳሉ ብጠይቅዎ «የኔ ወረቀት እኮ ገና ሂደት ላይ ነው» አሉ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ዓመት ሙሉ ሂደት ላይ ያለ ወረቀት እዚያ የለም። የተጀመረም የለም። 215 ዛሬም በስምዎ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

አራተኛው ምስጋና ተሰርዟል። ልብስ ለማጠብ ልጆችም ይገባሉ።

ታይምሼር ይሻላል ወይስ ክለብ እያላችሁ ይህን ሰሌዳ የምታነቡ ሰዎች ካላችሁ፣ ቂሜ ፍርዴን እንዳያጣምመው እየተጠነቀቅሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። በየዓመቱ አዲስ አገር ማየት ለሚወድ፣ ቀኑን እንደልቡ ለሚቀያይር፣ እግሩ ቀላል ለሆነ ሰው ክለቡ መጥፎ አይደለም። የገዛ ሳምንትም የራሱ ሸክም አለው፤ አልፈልግህም ቢሉት እንኳ አይለቅም። ወደ አንድ ቦታ መመለስ የግድ የሆነበት ሰው በቤታችሁ ካለ ግን ሳምንቱን አትልቀቁ። «የትም» የሚባለው ቦታ ለእሱ አገር አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ በመጪው ስብሰባ ከሰብሳቢነት እንዲነሱ ድምፅ ልሰጥ አስቤ ነበር። ጸሐፊዋ ደንቡን አውጥታ በነጥብ የለወጠ ሰው ባለቤት ስላልሆነ ድምፅ የለውም አለችኝ። እንግዲህ እርስዎን ማንሳት የሚችሉት ምክርዎን ያልሰሙት ብቻ ናቸው፤ ያመንንዎት ሁላችንም ወጥተናል። እንዲህ የተጣራ ሥራ በዕድሜዬ ስላላየሁ አድናቆቴን ሳልገልጽ ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል።

ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ሆኜ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ያህል ዝቅ ብዬ፣ ለወዳጅነትዎ የሚገባውን ያህል ደግሞ ቀና ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞዋ የ214 ባለቤት
ዶሮቲያ ፕሩዊት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ቢቨርሊ ራትሊፍ፣ እንዲያውቁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዌንደል ሰላምታውን እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል። «ግሌን ጥሩ ሰው ነው፤ ክፍላችንን እየጠበቀልን ነው» ይላል። የተሳሳተውን ሁሉ እየተከተልን እንዳናርመው ሐኪሙ አስጠንቅቆናል።