በእኔ ተራ የእሷ ደም ይመርመር

ለፀረ-ተባይ ቁጥጥርና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 12

አመልካች፦ የፈቃድ ቁጥር 118፣ የጀርባ መርጫ ባለሙያ

ጉዳዩ፦ በዚህ ወር በ20 የተያዘልኝ የደም ምርመራ ተራ ለባለቤቴ እንዲሰጥ፣ ይህ ካልሆነም ፈቃዴ ተሰርዞ በእሷ ስም እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጊዜዎን እንዳልሻማ ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የሚጽፍልኝ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ቃሉ ግን የራሴ ነው። ጸሐፊው ሦስት ቦታ ላይ «አባባ፣ ይቺንስ ባናስገባት ይሻላል» ብሎኛል። እሱ ዘንድ የተቀመጥኩት ለእጁ እንጂ ለምክሩ አይደለምና እንደተናገርኩት እንዲጽፈው አዝዤዋለሁ።

1. እኔ አመልካች በአትክልት እርሻ ላይ ፀረ-ተባይ ስረጭ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ነፋስ ሲነሳ መርጫዬን አወርዳለሁ። ከወንዝ ዳር ሃያ እርምጃ ሳልርቅ አልረጭም። ንብ አበባ ላይ ከዋለች እስክትገባ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፤ አለቃዬ በዚህ ስንት ጊዜ ተሳድቧል። አንድም ጎረቤት ከስሶኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራትም ነው።

2. በመመሪያችሁ መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ክሊኒካችሁ ደሙን ይመረምርለታል፤ መርዝ ከተገኘበትም እዚያው ይታከማል። ደግ ሕግ ነው፤ ያወጣውን ይባርከው። በየዓመቱ ክንዴን ሰጥቻለሁ። በየዓመቱም ነርሷ «አባባ፣ ደምዎ የጎረምሳ ደም ነው» ትለኛለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ እገባ ነበር።

3. ባለቤቴ ታማለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እጇ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር መስደድ አቃታት፤ ቀጥሎ ማንኪያ፤ አሁን ቁልፏን የምቆልፍላት እኔ ነኝ። የዐይኗ ቆብ ሳታዝዘው ይርገበገባል። ጠዋት ትራሷ በምራቅ ርሶ ይገኛል። ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እሱን ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ «እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት። «ቤት ነኝ» አለችው። «ባለቤትዎስ?» አለ። ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «ልብሳቸውን የሚያጥብላቸው ማነው?» ሲል «እኔ ነኝ» አለችው። የፀረ-ተባይ መርዝን ከደም የሚለየው ምርመራ በእናንተ ክሊኒክ ብቻ እንደሚገኝ ነግሮን፣ «ዛሬ ነገ ሳትሉ» ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠን።

4. ይዣት ወደ ክሊኒካችሁ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው መዝጋቢ «የፈቃድ ቁጥር?» አለ። «118» አልኩት። «እሱ የእርስዎ ነው፤ የእሳቸውስ?» አለ። «እሷ የልብሴ አጣቢ ናት» ስለው፣ «አባባ፣ ለልብስ አጣቢ ቁጥር የለንም» አለኝ። ነርሷን ለብቻዋ ጠርቼ በእኔ ስም እንድትቀዳላት ለመንኳት። «የእሳቸውን ደም በእርስዎ ስም ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ አልፈረድኩባትም። ይህን ጊዜ ባለቤቴ እጄን ጎተተችና «ተነስ እንሂድ። ሰው ፊት አትለማመጥ፤ አያምርብህም» አለችኝ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ሰው ስለማመጥ አይታኝ አታውቅም ነበር።

5. ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አንስቶ ነበር፤ መልሶ እንዲያወርደው አድርጌያለሁ። ፈቃድ ለማግኘት ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ ማስረዳት ግዴታ ነው። እኔ አላነበብኩም። ያነበበችው ባለቤቴ ናት። ፈታኞቹ ሁልጊዜ ባለ ቀይ ክዳኑን ጠርሙስ እንደሚያወጡ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። እሷም ከፈተናው በፊት አንድ ወር ሙሉ ያንኑ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ እሷ እያነበበች እኔ እየደገምኩ፣ ከላይ እስከ ታች በቃሌ አስያዘችኝ። «የራስ ቅሉ ሥዕል ወደ ላይ ይሁን፤ ዘቅዝቀህ ብታነብ ጉዳችን ይፈላል» ብላ እየሳቀች ሸኘችኝ። ፈታኙ ፊት ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ ተወጣሁት። ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ ሲታደስም እንደዚሁ። አዲስ መድኃኒት በመጣ ቁጥር ልኩን፣ ሰዓቱን፣ ከለቀማ በፊት ስንት ቀን እንደሚቆይ አንብባ የምትነግረኝ እሷ ናት። ስለዚህ የቁጥር 118 ትከሻው የእኔ ነው፤ ዐይኑ ግን የእሷ ነው።

6. የዚያ ጠርሙስ የመጨረሻ መስመር ዛሬም በቃሌ አለ፦ «የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያድርግ።» ይህንንም አንብባልኛለች። «እንግዲያው ለእኔም ጓንት አምጣልኛ» ብላኛለች። እርሻው ለአንድ ሠራተኛ የሚሰጠው አንድ ጓንት ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ቦታም የለውም። እኔ «ጓንት ለመርጫ ነው እንጂ ለሳፋ አይደለም! ሳሙናው ምን ሊሠራ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ያቺን መስመር በፈታኞቻችሁ ፊት ዘጠኝ ጊዜ ብያታለሁ። ዘጠኙንም ጊዜ «በጣም ጥሩ» ተብያለሁ። ዘጠኙንም ጊዜ ቤቴ ገብቼ ቱታዬን አውልቄ ሰጥቻታለሁ። ቱታው ከገላዬ የመለሰውን መርዝ እሷ በባዶ እጇ አሸችው። የእኔ ደም የጎረምሳ ደም የሆነው በዚህ ነው።

7. ስለዚህ የምለምነው ይህንን ነው። በ20 በእኔ ተራ የእሷ ክንድ ይቅረብ። ያ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ተራ የዛሬ ዓመት ነው፤ እሷ ደግሞ እስከ ዓመት የምትቆይ አትመስለኝም። መዝገቡ ፈቃድ የሌለው ስም አልቀበልም ካለ፣ ፈቃዱ በእሷ ስም ይውጣ። በቃል ፈትኗት። ጠርሙስ አትስጧት፤ አሁን ፊደሉ እየዘለለ አስቸግሯታል። ጠይቋት ብቻ፤ የማታውቀው የለም። «መርጫ ተሸክማ አታውቅም» ለሚል ሰው፣ መርዙን ከእኔ አብልጣ ተሸክማለች በሉልኝ።

የእኔ ፈቃድ ይሰረዝ። ሥራዬ አብሮት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስላታለልኳችሁ የሚያስቀጣ ከሆነም እቀጣለሁ፤ ነገር ግን ከ20 በኋላ ይሁንልኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ደግፎ ወደ ክሊኒኩ የሚያደርሳት ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ እኔ ዛሬ ለቅቄያለሁ። ወረቀቱም ይልቀቅ።

ከእንግዲህ ለሚመጡትም ቢሆን፣ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው «ልብስህን የሚያጥብልህ ማነው?» በሉት፤ የነገራችሁንም ስም ጻፉት። እኔን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት አፍር ነበር።

መልስዎን በጽሑፍ እንዳይልኩብኝ አደራ። ደብዳቤ የምታነብልኝ እሷ ናት፤ ይህን ማስጻፌንም አታውቅም። ከበርዎ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አልጠፋም። ወጣ ብለው በቃል ይንገሩኝ።

ከአክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር

የፈቃድ ቁጥር 118
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

አባሪ፦
የፈቃድ ካርዴ፣ አንድ።
የሐኪሙ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ።
የሥራ ቱታዬ፣ በሁለት ፕላስቲክ ታስሮ። አልታጠበም። ሲፈቱት ጓንት ያድርጉ።